የቤት ውስጥ ሲኒማ ድምፅ፤ ከመሣሪያው ይልቅ አቀማመጡና ክፍሉ

በሳሎናቸው ግድግዳ ላይ ሰፊ ቴሌቪዥን ሰቅለው፣ በዙሪያው አምስትና ስድስት የድምፅ ማጉያ ሣጥኖችን ደርድረው ፊልም የሚመለከቱ በርካታ ቤተሰቦች አንድ ተመሳሳይ ችግር ይገጥማቸዋል። ተዋናዮቹ በዝግታ ሲነጋገሩ ቃላቱ ስለማይለዩ የድምፁ መጠን ከፍ ይደረጋል። ወዲያው ፍንዳታ ወይም የመኪና ግጭት ሲመጣ የመስኮቱ መስታወት ይንቀጠቀጣል፤ የተኛ ሕፃን ይባንናል፤ ጎረቤትም ግድግዳ ይደበድባል። ሪሞት ኮንትሮሉ ፊልሙ እስኪያልቅ ከእጅ አይለይም።

ገዢው አብዛኛውን ጊዜ የሚያማርረው በመሣሪያው ነው። ከዚህ የበለጠ ዋጋ ያለው ቢገዛ ኖሮ ችግሩ እንደማይደርስበት ያስባል። ይሁንና ጥፋቱ በብዛት የሚገኘው በሣጥኖቹ አቀማመጥ፣ በገመድ አያያዛቸውና ድምፁን በሚያስተናግደው ክፍል ላይ ሲሆን፣ መፍትሔውም አንድ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ከሚወስድ ሥራ በስተቀር ገንዘብ የማይጠይቅ ነው።

ድምፅን በተመልካቹ ዙሪያ የማሰራጨት ሐሳብ ከቴሌቪዥን መስፋፋት በፊት የተጀመረ ነው። እንግሊዛዊው መሐንዲስ አለን ብሉምላይን ሲኒማ ቤት ተቀምጦ ሳለ፣ ተዋናዩ በመጋረጃው ላይ ከአንዱ ጎን ወደ ሌላው ሲራመድ ድምፁ ግን ካለበት ቦታ ንቅንቅ አለማለቱ አላስደሰተውም ነበር ይባላል። እ.ኤ.አ. በ1931 በሁለት መስመር የሚቀዳና የሚሰማ ድምፅን የሚመለከት የፈጠራ መብት ማመልከቻ አስገባ። ዛሬ ስቴሪዮ የሚባለው የአቀራረጽ ዘዴ መሠረቱ ይኸው ነው። የዋልት ዲዝኒ ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ1940 "ፋንታዚያ" የተሰኘውን ፊልም ሲያቀርብ ደግሞ ፋንታሳውንድ በተባለ ዘዴ የኦርኬስትራውን ድምፅ ከአንድ በላይ በሆኑ መስመሮች አሰማ። መሣሪያው ውድና ግዙፍ በመሆኑ ያን ጊዜ ፊልሙ በዚህ መልክ የታየው በጥቂት ከተሞች ብቻ ነበር።

እ.ኤ.አ. በ1977 "ስታር ዋርስ" በዶልቢ ስቴሪዮ ድምፅ ከታየ በኋላ ሲኒማ ቤቶች ዙሪያ ገብ ድምፅን በስፋት መጠቀም ጀመሩ። በዲጂታል መልክ የተዘጋጀው የዶልቢ ድምፅ እ.ኤ.አ. በ1992 "ባትማን ሪተርንስ" በተባለው ፊልም ለተመልካች የቀረበ ሲሆን፣ እ.ኤ.አ. በ1996 ገበያ ላይ የዋለው ዲቪዲ ይህንኑ ድምፅ ወደ ሳሎን አስገባው። የዲቪዲ ማጫወቻ፣ አምስት ትንንሽ ማጉያዎችና አንድ የቤዝ ሣጥን በአንድ ካርቶን ታሽገው "ሆም ቴአትር" በሚል ስም ወደ አገራችን ቤቶች የገቡትም ከዚያ ወዲህ ነው።

በካርቶኑ ላይ የሚጻፈው 5.1 የሚለው ቁጥር ብዙ ሰው እንደሚገምተው የሞዴል መለያ አይደለም። አምስቱ የሚያመለክተው ሙሉ ድምፅ የሚያሰሙትን የፊት ግራ፣ የፊት መካከለኛ፣ የፊት ቀኝ፣ የጎን ግራና የጎን ቀኝ መስመሮች ነው። ከነጥቡ በኋላ ያለው አንድ ደግሞ የነጎድጓድን፣ የፍንዳታንና የመሳሰሉትን ወፍራም ድምፆች ብቻ የሚሸከም ራሱን የቻለ መስመር ነው። ይህ መስመር የሚያስተላልፈው እስከ 120 ሄርዝ ያለውን ድምፅ ብቻ በመሆኑ እንደ ሙሉ መስመር አልተቆጠረም።

ከእነዚህ ሁሉ በላይ ትኩረት የሚሻው መካከለኛው ሣጥን ነው። በፊልም ውስጥ የሚደረግ ንግግር አብዛኛው የሚወጣው ከእርሱ ነው። በሁለት ማጉያዎች ብቻ የሚሰማ ንግግር ከስክሪኑ መሐል የሚመጣ መስሎ የሚታየው በትክክል መሐል ላይ ለተቀመጠ ሰው ነው። ወደ ጎን ፈቀቅ ብሎ የተቀመጠው ግን ሁሉንም ቃል የሚሰማው ቅርቡ ካለው ሣጥን ብቻ ነው። ሶፋ በሦስቱም ግድግዳዎች ጥግ በሚደረደርበትና እንግዳ ሲመጣ ሁሉም ሰው ዙሪያውን በሚቀመጥበት የኢትዮጵያ ሳሎን፣ መሐል ላይ የሚቀመጡት አንድ ወይም ሁለት ሰዎች ናቸው። በመሆኑም በእንዲህ ዓይነቱ ሳሎን መካከለኛው ሣጥን ከሌሎቹ ሁሉ የበለጠ ያስፈልጋል ማለት ይቻላል።

ይህ ሣጥን ግን በብዙ ቤቶች ቡፌ ውስጥ ከብርጭቆዎች ኋላ ተሸጉጦ፣ አለዚያም ከቴሌቪዥኑ ጀርባ ወድቆ ይገኛል። ትክክለኛ ቦታው ከስክሪኑ በታች ወይም በላይ መሐል ለመሐል ሲሆን፣ ፊቱ ወደ ተመልካቹ ጆሮ ማዘንበል፣ ከፊቱም ምንም ነገር መጋረድ የለበትም። በመደርደሪያ ላይ የሚቀመጥ ከሆነ ጫፍ ድረስ መውጣት ይኖርበታል። ወደ ውስጥ ከገባ ድምፁ ከመደርደሪያው ገጽ ጋር እየተጋጨ ንግግሩን ያደበዝዛል። አንዳንዶች ደግሞ መካከለኛውን ሣጥን ጨርሶ ሳያገናኙ ይተዉታል። መሣሪያው ሣጥኑ መኖር አለመኖሩን በራሱ ካላወቀ ንግግሩን ወደሌለ ሣጥን መላኩን ስለሚቀጥል፣ ሙዚቃውና ጫጫታው እየተሰማ ንግግሩ ይጠፋል። በማስተካከያው ዝርዝር ውስጥ ገብቶ መካከለኛ ሣጥን እንደሌለ ማሳወቅ ንግግሩን ወደ ግራና ቀኝ ሣጥኖች ይመልሰዋል። ሣጥኑ በቦታው እያለ ንግግሩ ደከም ካለም ሌሎቹን ሳይነኩ የእርሱን መጠን ብቻ በ2 ወይም በ3 ዴሲቤል ከፍ ማድረግ ይቻላል።

የግራና የቀኙ የፊት ሣጥኖች አቀማመጥ ዓለም አቀፉ የቴሌኮሙኒኬሽን ኅብረት ባወጣው የውሳኔ ሐሳብ ላይ ተመልክቷል። በዚህም መሠረት ተመልካቹ ፊት ለፊት ሲያይ እያንዳንዳቸው ከመሐል 30 ዲግሪ ወደ ጎን መራቅ ይኖርባቸዋል። ፕሮትራክተር ማንሳት አያስፈልግም። በሁለቱ ሣጥኖች መካከል ያለው ርቀት ከእያንዳንዳቸው እስከ ተመልካቹ ካለው ርቀት ጋር እኩል ከሆነ ማዕዘኑ በራሱ ትክክል ይሆናል። ከቴሌቪዥኑ 3 ሜትር ርቆ ለሚቀመጥ ሰው ሣጥኖቹ እርስ በርስ በ3 ሜትር ያህል መራራቅ አለባቸው ማለት ነው። ከፍታቸውም የተቀመጠ ሰው ጆሮ ከሚደርስበት፣ ማለትም ከወለል 1 ሜትር ገደማ ቢሆን ይመረጣል።

የኋላ ሣጥኖች እየተባሉ በተለምዶ የሚጠሩት ሁለቱ ደግሞ በውሳኔ ሐሳቡ ቦታቸው ከፊት ተነሥቶ ሲለካ ከ100 እስከ 120 ዲግሪ ላይ ነው። ይህም ከጀርባ ሳይሆን ከጎን፣ ትንሽ ብቻ ወደ ኋላ ፈቀቅ ብሎ ማለት ነው። ሁለቱንም ከቴሌቪዥኑ ጎን ከሌሎቹ ጋር መደርደር ግን ባለ 5.1 መሣሪያን ወደ ተራ ቴፕ ይመልሰዋል። ገመዱ አይደርስም የሚለው ምክንያት አሳማኝ ቢመስልም፣ ከካርቶኑ ጋር የሚመጣው ቀጭን ገመድ ሲያጥር 1.5 ሚሊ ሜትር ካሬ ውፍረት ባለው ተራ የመዳብ ገመድ መቀየር ለአንድ ሳሎን በቂ ነው። በከፍተኛ ዋጋ የሚሸጡ ልዩ ገመዶች በዚህ ርቀት በጆሮ የሚለይ ጥቅም አይሰጡም።

ከሁሉም የሚያስቸግረው የሶፋው ነገር ነው። ድምፅ ከግድግዳ ጋር ሲጋጭ ወፍራሙ ክፍል እዚያው ግድግዳው ሥር ይጠራቀማል። ሶፋው ከኋላው ግድግዳ ጋር ተጣብቆ የሚቀመጥ ሰውም ቤዝ በዝቶበት ንግግር ይደበዝዝበታል። ዋናውን ሶፋ በግማሽ ሜትር ያህል ወደ ፊት ማውጣት ብቻውን የሚያመጣው ለውጥ ብዙዎች ከሚገምቱት ይበልጣል። የቤቱ እመቤት በዚህ መስማማታቸው ሌላ ጉዳይ ነው።

ሣጥኖቹ ቦታቸውን ከያዙ በኋላ ርቀታቸውን ለመሣሪያው ማስታወቅ ያስፈልጋል። ድምፅ በ20 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ ሙቀት በሰከንድ 343 ሜትር ገደማ ስለሚጓዝ አንድ ሜትር ለመሄድ ወደ 3 ሚሊ ሰከንድ ይወስድበታል። የአዲስ አበባ ከፍታ ይህን ፍጥነት እንደማይለውጠውም ልብ ማለት ይገባል፤ የድምፅን ፍጥነት የሚወስነው የአየሩ ሙቀት እንጂ ስስነቱ አይደለም። አንዱ ሣጥን በ3 ሜትር፣ ሌላው በ1.5 ሜትር ርቀት ላይ ሲሆን ከቅርቡ የሚወጣው ድምፅ ከ4 ሚሊ ሰከንድ በላይ ቀድሞ ይደርሳል። ጆሮም ድምፁ ቀድሞ ከደረሰበት አቅጣጫ የመጣ ነው ብሎ ይወስናል። አብዛኞቹ መሣሪያዎች የእያንዳንዱን ሣጥን ርቀት በሜትር ማስገቢያ ስላላቸው፣ በሜትሮ ለክቶ ቁጥሩን መሙላት ቅርቡ ያለው ሣጥን ሌሎቹን እንዲጠብቅ ያደርገዋል።

ቀጥሎ የሚመጣው የክፍሉ ጉዳይ ነው። በቀድሞዎቹ የአዲስ አበባ ቤቶች ግድግዳው ጭቃ፣ ኮርኒሱም በአቡጀዲ የተወጠረ ነበር። የተወጠረ ጨርቅ ከኋላው ባዶ ቦታ ሲኖር የድምፅን ጉልበት በከፊል ይውጣል። በአሁኖቹ ቤቶች ግን ወለሉ ሴራሚክ፣ ግድግዳው በሲሚንቶ የተለሰነ ብሎኬት፣ ጣሪያው ኮንክሪት፣ አንደኛው ጎን ደግሞ ሰፊ መስታወት ነው። ሁሉም ድምፅን ይመልሳሉ። በእንዲህ ያለ ክፍል መሐል ቆሞ አንድ ጊዜ ሲያጨበጭቡ የጭብጨባው ድምፅ እየተርገበገበ ከተሰማ፣ በፊልሙ ውስጥ ያለ እያንዳንዱ ቃልም እንደዚሁ እየተርገበገበ ቀጣዩን ቃል ይሸፍናል ማለት ነው።

ለዚህ ችግር ውድ የስቱዲዮ ስፖንጅ መግዛት ግድ አይደለም። በሶፋውና በቴሌቪዥኑ መካከል ባለው ወለል ላይ ወፍራም ምንጣፍ ማንጠፍ፣ በመስታወቱ ላይ የታጠፈና ከበድ ያለ መጋረጃ መስቀል፣ ባዶውን ግድግዳ መጻሕፍት በያዘ መደርደሪያ መሸፈን ድምፁን ያረጋጋዋል። በግራና በቀኝ ግድግዳ ላይ ድምፁ ከፊት ሣጥኖች ተነሥቶ ነጥሮ ወደ ተመልካቹ የሚመጣበትን ቦታ ለማግኘት አንድ ቀላል ዘዴ አለ። አንድ ሰው ሶፋው ላይ ይቀመጣል፤ ሌላው መስታወት ይዞ በግድግዳው ላይ እያስጠጋ ይሄዳል። የተቀመጠው ሰው ሣጥኑን በመስታወቱ ውስጥ ያየበት ቦታ ምንጣፍ ወይም ወፍራም ጥልፍ ሊሰቀልበት የሚገባው ነው።

ምንጣፍና መጋረጃ የማይመልሱት የቤዝ ችግር ነው። ወፍራም ድምፅ ረጅም ሞገድ አለው። ርዝመቱ 5 ሜትር በሆነ ሳሎን ውስጥ 34 ሄርዝ አካባቢ ያለ ድምፅ በሁለቱ ግድግዳዎች መካከል እየተመላለሰ ራሱን ያጎላል። በክፍሉ አንድ ቦታ ጆሮ እስኪደፍን ሲሰማ በሌላ ቦታ ፈጽሞ ይጠፋል። አንዱ የቤተሰብ አባል ቤዙ በዛ፣ ሌላው ደግሞ ምንም አይሰማኝም ብለው ሲከራከሩ ሁለቱም እውነታቸውን ሊሆን ይችላል። የቤዝ ሣጥኑ በክፍሉ ማዕዘን ላይ ሲቀመጥ ድምፁ ይጎላል፤ ነገር ግን ጎልቶ መሰማቱ ጥራት አለው ማለት አይደለም።

ለሣጥኑ የሚስማማውን ቦታ ለማግኘት ባለሙያዎች የሚመክሩት ዘዴ የሚያስቅ ቢሆንም ይሠራል። ሣጥኑን አንሥቶ ተመልካቹ በሚቀመጥበት ሶፋ ላይ ማስቀመጥ፣ የቤዝ ጊታር ጎልቶ የሚሰማበት ሙዚቃ መክፈት፣ ከዚያም በክፍሉ ግድግዳዎች ሥር በእጅና በጉልበት እየዳሁ ማዳመጥ ነው። እያንዳንዱ ኖታ እኩል ጥርት ብሎ የተሰማበት ቦታ የሣጥኑ ቦታ ይሆናል። ድምፅ ከሣጥኑ ወደ ጆሮ በሄደበት መንገድ ከጆሮው ቦታ ወደ ሣጥኑ ቦታም በተመሳሳይ ሁኔታ ስለሚጓዝ ሁለቱን ማለዋወጥ ውጤቱን አይለውጥም። መዳሁን ልጆች በደስታ ይሠሩታል።

የገመዶቹን አያያዝ ለማረጋገጥ ደግሞ ከዜና አንባቢ የተሻለ መሣሪያ የለም። የመካከለኛውን ሣጥን ለጊዜው አጥፍቶ በግራና በቀኝ ሣጥኖች ብቻ ዜና ሲደመጥ፣ የአንባቢው ድምፅ በትክክል ከስክሪኑ መሐል መውጣት አለበት። ድምፁ ከየት እንደሚመጣ ካልታወቀ፣ ቀጭንና ባዶ ሆኖ በክፍሉ ውስጥ የተበተነ ከመሰለ ከሁለቱ ሣጥኖች በአንደኛው ላይ ቀዩና ጥቁሩ ገመድ ተለዋውጠዋል። አንዱ ማጉያ ወደ ፊት ሲገፋ ሌላው ወደ ኋላ ስለሚስብ የሁለቱ ድምፅ እርስ በርሱ ይጠፋፋል። መሣሪያውን አጥፍቶ ገመዶቹን ማዞር ችግሩን በአንድ ደቂቃ ይፈታዋል።

ድምፁ ከየት እንደሚመጣም ማጤን ያስፈልጋል። በአገራችን ሪሲቨር ሲባል ብዙው ሰው የሚረዳው የሳተላይት ዲሽ መቀበያውን ሳጥን ነው። የሆም ቴአትሩ ሪሲቨር ግን ድምፁን ተቀብሎ ለየሣጥኑ የሚያከፋፍለውና የሚያጎላው ሌላ መሣሪያ ነው። ሁለቱ በቀይና ነጭ ገመድ ብቻ ከተገናኙ ከሁለት መስመር በላይ አያልፍም። አምስቱን መስመሮች በተናጠል ለማስተላለፍ የኤችዲኤምአይ ወይም የኦፕቲካል ገመድ ያሻል። በአንጻሩ በሁለት መስመር ብቻ የተዘጋጁ ፊልሞችና የቴሌቪዥን ሥርጭቶች በማናቸውም ገመድ ቢሄዱ አምስት አይሆኑም። ለእነዚህ በመሣሪያው ላይ ዶልቢ ፕሮ ሎጂክ ወይም ዶልቢ ሰራውንድ የሚለውን ምርጫ መጫን ንግግሩን ወደ መሐል፣ አጃቢውን ወደ ጎን ይለያል። ለሙዚቃ ግን ስቴሪዮ ላይ መተው ይሻላል።

ገና ሊገዛ ያሰበ ሰው በካርቶኑ ላይ በትልቁ የተጻፈውን የዋት ቁጥር ማመን የለበትም። ፒኤምፒኦ በሚል የሚጻፈው ቁጥር ለቅጽበት እንኳ ሊደረስበት የማይችል የማስታወቂያ ቁጥር ነው። አርኤምኤስ የሚለው ነው የሚቀርበው። ለማጣራት መሣሪያውን ገልብጦ ከኋላ የተለጠፈውን የኤሌክትሪክ ፍጆታ ማንበብ ይበቃል። ከመስመር 80 ዋት የሚወስድ መሣሪያ 1 ሺህ ዋት ድምፅ ያለማቋረጥ ሊሰጥ አይችልም። ከዚህም ባሻገር ድምፁ ለጆሮ እጥፍ ሆኖ እንዲሰማ ኃይሉ አሥር እጥፍ ያህል መጨመር ስላለበት፣ በ50 እና በ100 ዋት መካከል ያለው ልዩነት ሻጩ እንደሚያወራለት አይደለም። ለጠባብ የኮንዶሚኒየም ሳሎን፣ ሣጥን ለመደርደር ቦታ ለሌለው ቤተሰብ፣ መካከለኛ መስመር ያለው አንድ ጥሩ ሳውንድባር በመጥፎ ሁኔታ ከተደረደሩ ስድስት ሣጥኖች ይሻላል።

የኤሌክትሪክ ኃይል ተቋርጦ ሲመለስ የሚፈጠረው የቮልቴጅ መዋዠቅ መሣሪያዎቹን ስለሚጎዳ፣ መብራት ሲጠፋ ከሶኬት መንቀልና ኃይሉ ከተረጋጋ በኋላ መሰካት ይመከራል። የማያቋርጥ ወፍራም የእዝዝታ ድምፅ ከተሰማ መንስኤው ብዙውን ጊዜ መሣሪያዎቹ በተለያዩ ሶኬቶች መሰካታቸው ነው። ሁሉንም በአንድ ማከፋፈያ ላይ መሰካት ይረዳል። እዝዝታውን ለማጥፋት ሲባል የመሬት መስመሩን መቁረጥ ግን ለሕይወት አደገኛ ነው።

የድምፁ መጠን ከመዝናናት ያለፈ ጉዳይ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂዎች ያስቀመጠው ወሰን 80 ዴሲቤል ድምፅ በሳምንት እስከ 40 ሰዓት ሲሆን፣ ለልጆች በ75 ዴሲቤል ይጀምራል። ድምፁ ወደ 90 ዴሲቤል ከፍ ሲል ጆሮ ሳይጎዳ በሳምንት ሊያዳምጥ የሚችለው 4 ሰዓት ያህል ብቻ ነው። ይህም ሁለት ፊልም ማለት ነው። በጆሮ ውስጥ ያሉት ድምፅ ተቀባይ ሕዋሳት ከሞቱ አይተኩም። በእጅ ስልክ ላይ የሚጫኑ የድምፅ መለኪያዎች ፍጹም ትክክል ባይሆኑም ቤተሰቡ በየትኛው ክልል እንዳለ ለመገመት ይበቃሉ።

ጎረቤትም አለ። የአካባቢ ብክለት ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 300/1995 የድምፅ ደረጃዎች እንዲወጡ የደነገገ ሲሆን፣ ለመኖሪያ አካባቢ የተቀመጠው ወሰን ቀን 55፣ ሌሊት ደግሞ 45 ዴሲቤል ነው። ቀጭን ድምፅ በግድግዳ ይታገዳል። ቤዝ ግን የኮንክሪቱን ወለልና ምሰሶ ይዞ ወደ ላይና ወደ ታች ቤቶች ይዘልቃል። የፎቅ ነዋሪ ቃሉን ሳይሰማ ጉርምርምታውን ብቻ ሌሊቱን ሙሉ የሚሰማውም ለዚህ ነው። ከሣጥኑ ሥር ወፍራም ጎማ ወይም ስፖንጅ ማድረግ ንዝረቱን በተወሰነ ደረጃ ይቀንሳል። ከምሽት በኋላ ደግሞ በብዙ መሣሪያዎች ላይ "ናይት ሞድ" ተብሎ የተቀመጠው ምርጫ ፍንዳታውን ዝቅ፣ ሹክሹክታውን ከፍ በማድረግ በመጀመሪያ የተነሣውን የሪሞት ችግር ጭምር ያቃልላል።

የቤዙን ልክ ለመወሰን አንድ የቤተሰቡ አባል ከፊልሙ ጫጫታ የበዛበትን ክፍል አስከፍቶ ወደ ጎረቤት ቤት ይሄዳል። እዚያ ሆኖ እያዳመጠ በስልክ "ቀንስ" ይላል። ጉርምርምታው ከጎረቤት ሳሎን የጠፋበት ቦታ ላይ በቤዝ ሣጥኑ መዘውር አጠገብ በእስክሪብቶ ምልክት ይደረጋል። ከምሽቱ 3 ሰዓት በኋላ መዘውሩ ከዚያ ምልክት አያልፍም።